ስትበደል ማን ይሰማሃል? ስለ ስደት ሳንጠይቀው የምናልፈው ጥያቄ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ከዐስር ሶላት በኋላ በመስጂድ በር ላይ የሚወራውን እስቲ ለአንድ ሳምንት ልብ ብለን እንስማ። አንዱ ቪዛ እየጠበቀ ነው። ሌላው "በባህር የሄዱት እነ እንትና ገብተዋል" እያለ ስልኩን ያሳያል። ሦስተኛው ዲግሪውን ይዞ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጎ ስላጣ ተስፋው ሁሉ ውጭ ሀገር ሆኗል። እህቶቻችንም ከደርስ ሲወጡ የሚያወሩት ስለ ሜዲካልና ስለ አሻራ ነው።

ወሬው የገንዘብ ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችን የምንመኘው ሌላ ዓይነት ኑሮ ነው። አዛን ከየአቅጣጫው የሚሰማበት፣ ለጁሙዓ አለቃ የማይለመንበት፣ ሒጃብ ጥያቄ የማያስነሳበት፣ ልጆች ቁርኣን እየሰሙ የሚያድጉበት፣ ሲመች ዑምራ ተደርጎ የሚመለሱበት ሀገር። ይህን ምኞት አንዳንዶቻችን "ሒጅራ" ብለን ስም ሰጥተነዋል።

ይህ ጽሑፍ ምኞቱን ለማናናቅ የተጻፈ አይደለም። በስደት ላይ ያሉ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ስንት ቤት እንዳቀኑ፣ ስንት ታናናሾቻቸውን እንዳስተማሩ፣ ስንት መስጂድ እንዳሠሩ ሁላችንም እናውቃለን። አላህ ይቀበላቸው። እኛ የምንለው ሌላ ነው። ሰው "ሳዑዲ ሄደ"፣ "አውሮፓ ገባ" ይባላል እንጂ በእውነቱ የሚገባው ወደ አንድ ውል ነው። እዚያ የሚኖረውን ኑሮ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በእጁ የያዘው ወረቀትና ሲበደል አቤት የሚልበት ቦታ። እነዚህን ሁለቱን ሳይጠይቅ የሚወጣ ሰው ወደ ሌላ ኑሮ ሄድኩ ብሎ ወደ ሌላ ሰው እጅ ሊገባ ይችላል።

የመጀመሪያው ሒጅራ መስፈርት

በመካ የነበሩ ሙስሊሞች መከራ ሲበዛባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ615 አካባቢ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ሐበሻ ምድር እንዲሄዱ መከሯቸው። ሀገሩን የመረጡበትን ምክንያት የሲራ ኪታቦች መዝግበውታል፤ ንጉሡ ዘንድ ማንም ሰው አይበደልም የሚል ነበር። ሀብታም ሀገር ነው አላሏቸውም። የሙስሊም ሀገር ነውም አላሏቸውም፤ ነጃሺ በዚያን ጊዜ የክርስቲያኖች ንጉሥ ነበር። የተፈለገው ፍትሕ ነበር።

ፍትሑም ተፈተነ። ቁረይሾች ስደተኞቹን ለማስመለስ ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ስጦታ አሸክመው ላኩ። ንጉሡ የስደተኞቹን ቃል ሳልሰማ አሳልፌ አልሰጥም አለ። ጠርቷቸው ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ተናገረ፣ ንጉሡም አዳመጠ፤ መልእክተኞቹ ከነስጦታቸው ተመለሱ። ጀዕፈር እዚህ ከቆዩት ጋር በሰላም ኖሮ መዲና የገባው በሒጅራ 7ኛው ዓመት፣ በኸይበር ዘመቻ ጊዜ ነው።

ይህን ታሪክ እኛ የኢትዮጵያ ሙስሊሞች በየመድረኩ በኩራት እንናገረዋለን፤ ይገባናልም። ታዲያ ዛሬ ተራው የእኛ ሲሆን ያንኑ መስፈርት እንያዝ። ሻንጣ ከማዘጋጀታችን በፊት "እዚያ ብበደል ቃሌን የሚሰማ ማን ነው?" ብለን እንጠይቅ።

አንድ አዛን፣ አራት ኑሮ

የብዙዎቻችን ልብ ሳዑዲ ስለሆነ በእሱ እንጀምር። ጂዳ ውስጥ በአንድ ሰፈር የሚኖሩ አራት ሐበሾችን እናስብ።

የመጀመሪያዋ በኮንትራት የገባች የቤት ሠራተኛ ናት። ኢቃማዋ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ከፋላ የሚባለው አሠራር ማለት ይህ ነው። የምትሠራበት ቤት የምትኖርበትም ቤት ነው። መውጣቷ፣ ማረፏ፣ ስልክ መያዟ በቤቱ ሰዎች ደግነት ላይ ይንጠለጠላል። ደግ ቤተሰብ ከገጠማት እንደ ልጃቸው ይዘው ዑምራ ይወስዷታል፤ እንዲህ ያሉ ብዙ አሉ። ክፉ ከገጠማት ግን መስጂዱ መንገድ ማዶ እየታያት ለዓመታት ደጁን ላትረግጥ ትችላለች። ጠፍታ ከወጣች "ሁሩብ" ይመዘገብባታል፤ ከዚያ በኋላ ሕጋዊ አይደለችም። ሳዑዲ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ሠራተኛ ያለ ከፊሉ ፈቃድ ሥራ የሚቀይርበትን መንገድ ስትከፍት የቤት ሠራተኞችን፣ የግል ሹፌሮችንና እረኞችን አላካተተችም ነበር። ከእኛ ሀገር የሚሄደው አብዛኛው ሰው የሚሠራው ደግሞ እነዚህኑ ነው።

ሁለተኛው የካምፓኒ ሠራተኛ ነው። ኢቃማው ላይ ሙያው ተጽፏል፣ ደሞዙ በባንክ ይገባል፣ ቢከለከል የሥራ ጉዳይ ቢሮ ሄዶ ይከሳል። ከአራቱ የተሻለው እሱ ነው። ግን ሚስትና ልጆቹን ማምጣት ቢፈልግ፣ ሙያው ከተፈቀደለት፣ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በየወሩ ክፍያ አለበት። ክፍያው እ.ኤ.አ. በ2017 በ100 ሪያል ተጀምሮ በ2020 400 ሪያል ደረሰ። ሚስትና ሦስት ልጆች ማለት በወር 1,600፣ በዓመት 19,200 ሪያል ነው፤ የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ሳይቆጠር። "ልጆቼን በሐረሙ ሀገር አሳድጋለሁ" የሚል ወንድም ይህን ሒሳብ በደሞዙ ልክ ማስላት አለበት። ይህን መሸከም አቅቷቸው ቤተሰባቸውን ወደ ሀገር መልሰው ብቻቸውን የቀሩ አባቶች አሉ።

ሦስተኛው በዑምራ ቪዛ ገብቶ የቀረ ነው። የዑምራ ቪዛ ሥራ አይፈቅድም። ቀኑ ካለፈ በኋላ ሰውየው የሹርጣ መኪና ባየ ቁጥር ልቡ ይመታል። ከጂዳ መካ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ላይ ግን ሽሜሲ አለ። ኬላውም እዚያ ነው፣ ተይዘው ተሰፊር የሚጠብቁ ስደተኞች የሚታሰሩበትም እዚያው ነው። ለካዕባ ብሎ የመጣ ሰው ካዕባን እንዳያይ የሚፈራው መንገድ ላይ ይቀራል።

አራተኛው በባህር የገባ ነው። ሲጀመር የትም መዝገብ ላይ ስሙ የለም። ስድስት ወር ሠርቶ ደሞዙን ቢከለከል የት ይከሳል? ፖሊስ ጋ ቢሄድ የሚታሰረው እሱ ነው። አሠሪውም ይህን ያውቃል።

አራቱም የሚሰሙት አዛን አንድ ነው። ኑሯቸው ግን አራት የተለያየ ሀገር የሚኖሩ ያህል ይለያያል። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ወረቀት የሌላቸውን ማስወጣት ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ከመካከላቸው ዓመታት ሠርተው አንድ ሻንጣ እንኳ ሳይዙ የወረዱ ነበሩ። ሀገሩ አልተለወጠባቸውም፤ የያዙት ወረቀት ያልያዙትን ኑሮ ሊሰጣቸው አልቻለም።

ጭንቅላታችን ውስጥ ያለው ሀገር

ሌላም ነገር አለ። አንዳንዶቻችን የምንመኘው ሀገር በካርታ ላይ ያለው አይደለም። ከድሮ ካሴትና ከሐጅ ተመላሾች ወሬ የሠራነው ሀገር ነው። እውነተኛው ሳዑዲ ሲኒማ ቤቶቹን እ.ኤ.አ. በ2018 እንደገና የከፈተ፣ በየዓመቱ የሚለዋወጥ፣ ደግም ክፉም ሰው ያለበት ሀገር ነው። ሙስሊም ነህና ዜጋ ትሆናለህ የሚል ሕግም የለውም። እዚያ የተወለደ የውጭ ዜጋ ልጅ የአባቱን ሀገር ዜግነት ይዞ በኢቃማ ያድጋል። ያለ ከፊል በቋሚነት ለመኖር የሚያስችለው ልዩ ኢቃማ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ ዋጋው 800 ሺህ ሪያል ነበር። "እዚያው ሄጄ እኖራለሁ" እና "እዚያ ሄጄ ሠርቼ እመለሳለሁ" ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ሁለተኛውን ነው።

ወደ አውሮፓ የሚያዩ ወንድሞችም እንዲሁ ሁለቱንም ገጽ ማየት አለባቸው። ወረቀት ያገኘ ሰው እዚያ ፍርድ ቤት ሄዶ መንግሥትን ሳይቀር ይከሳል፣ ጊዜውን ጠብቆ ዜጋ ይሆናል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፈረንሳይ ግን ከ2004 ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሒጃብ ከልክላለች፣ ከ2011 ጀምሮ ኒቃብ በአደባባይ አይለበስም። በስዊድን በሰኔ ወር ሌሊቱ አጥሮ ዒሻና ፈጅር ይቀራረባሉ። ቤት መግዣው ብድር ወለድ ነው። ልጅህ ከአንተ ቀድሞ ቋንቋውን ይችልና አስተርጓሚህ ይሆናል፤ ያኔ በቤቱ ውስጥ ትልቁ ማን እንደሆነ ይደበላለቃል። ይህ ሁሉ "አትሂድ" ማለት አይደለም፤ የምትከፍለውን ዋጋ አውቀህ ሂድ ማለት ነው።

ባህሩን በተመለከተ

እዚህ ላይ ቃላችን ግልጽ ነው። ከኦቦክ ወይም ከቦሳሶ ተነስቶ በየመን በኩል ወደ ጂዛን የሚወስደው መንገድ የሒጅራ መንገድ አይደለም።

በሐምሌ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከ150 በላይ ሰው፣ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ፣ የጫነች ጀልባ በየመን አብየን ጠረፍ ሰምጣ ብዙዎች አለቁ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሰኔ ላይ ሶማሊያውያንና ኢትዮጵያውያንን የያዘች ሌላ ጀልባ በዚያው በየመን ጠረፍ ሰጥማ ቢያንስ 49 ሰው ሞቷል፣ ከመቶ በላይ የገባበት ጠፍቷል። ባህሩን የተሻገረ ደግሞ የመን ውስጥ አጋቾች ይጠብቁታል፤ በስልክ እያስጮሁት ቤተሰቡን ገንዘብ የሚጠይቁ። ከዚያ ቀጥሎ ድንበሩ አለ። የሂዩማን ራይትስ ዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ በየመንና በሳዑዲ ድንበር ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በድንበር ጠባቂዎች መገደላቸውን ገልጿል። የሳዑዲ መንግሥት አስተባብሏል፤ የሟቾች እናቶች ግን ዛሬም ስልክ ይጠብቃሉ።

"ቀደር ነው" የሚል መልስ እንሰማለን። አዎ፣ ሞት በቀደር ነው። ግን በቀደር ማመን ራስን ወደ ጥፋት መወርወርን አይፈቅድም። ግመሉን አስሮ ከዚያ በአላህ መመካት ነው የተማርነው። ደላላው ግመሉን ፈትቶ ተወኩል ያስተምረናል።

አብሮን የሚሄደው ሰው

ሌላ ኑሮ ፍለጋ ስንወጣ የማንተወው አንድ ሰው አለ፤ እሱም ራሳችን ነን። እዚህ መስጂዱ ሃምሳ እርምጃ ላይ ሆኖ ለፈጅር የማይነሳ ወንድም ሪያድ ሲገባ የማንቂያ ደወሉን የሚነሳለት ሌላ ሰው አያገኝም። ከሰዓቱን በጫትና በኳስ ውርርድ የሚያሳልፍ ሰው ስልኩንም ልማዱንም ይዞ ነው የሚሳፈረው። መልካም አካባቢ ይረዳል፤ ለዚያም ነው ጓደኛ እንድንመርጥ የታዘዝነው። ግን አካባቢ የሚረዳው የተነሳን ሰው ነው።

ደግሞም ናፍቆት አለ። ቢላል (ረ.ዐ) መዲና ሲገባ በንዳድ ታሞ ነበር፤ ትኩሳቱ ቀለል ባለለት ቁጥር የመካን ሸለቆና ሣሯን እያነሳ ያንጎራጉር እንደነበር በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። ያ የመካ ሸለቆ እኮ የተሠቃየበት ነው! ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) አልወቀሱትም፤ መዲናን እንዲያስወድዳቸው አላህን ለመኑ እንጂ። ከምርጥ ኒያ ጋር፣ ወደ ምርጥ ከተማ፣ ከምርጥ ሰው ጋር የሄደ እንዲህ ከናፈቀ፣ እህታችን በአራተኛ ፎቅ ኩሽና ውስጥ ብቻዋን ብታለቅስ የኢማን ማነስ አይደለም። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ለብቸኝነት ስንቅ ነው።

ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ደግሞ ሌላ ትምህርት ትቶልናል። ባዶ እጁን መዲና ሲገባ አንሷሪው ወንድሙ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ የንብረቱን ግማሽ ሊሰጠው አለ። እሱ ግን ዱዓ አድርጎለት ገበያው የት እንደሆነ ጠየቀ። በደረቅ እርጎና በቅቤ ንግድ ጀምሮ ባለጸጋ ሆነ። ገንዘቡን መካ ጥሎት ሄደ፣ ሙያውን ግን ማንም አልቀማውም። እኛስ ስንሄድ የምንይዘው ሙያ ምንድን ነው? ኤሌክትሪክ፣ ብየዳ፣ ነርስነት፣ ሹፌርነት፣ ዐረብኛ፤ አንዱን እንኳ በወረቀት የያዘ ሰው ሲዋዋል ቃል አለው። ምንም ያልያዘ ሰው የተሰጠውን ይፈርማል።

ከመወሰናችን በፊት

ለመሄድ የምታስብ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ከኢስቲኻራ ጋር እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ መልሱ።

1. የምገባበት ቪዛ ስሙ ምንድን ነው? የሥራ ነው፣ የጉብኝት ነው፣ የዑምራ? "ቪዛ ነው፣ ምን አስጨነቀህ" የሚል ሰው አታለለህ ማለት ነው።

2. ውሉን በማውቀው ቋንቋ አንብቤዋለሁ? ደሞዝ፣ የእረፍት ቀን፣ የሥራ ዓይነትና የውል ዘመን ተጽፈዋል? ኮፒውን ለቤተሰብ ትቻለሁ?

3. የምከፍለው ለምንድን ነው? በውጭ ሀገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ የአሠሪው ነው። በሠራተኛው ላይ የሚያርፈው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያለው ነው። ለቪዛና ለቲኬት ብር አምጪ የሚልሽ ሕጉን እየጣሰ ነው።

4. ብበደል የት እደውላለሁ? በሪያድ ኤምባሲ፣ በጂዳ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት አለን። ቁጥራቸውን ስልክሽ ላይ ብቻ ሳይሆን በቃልሽም ያዢው፤ መጀመሪያ የሚወሰደው ስልክ ነውና።

5. እዚህ የምተወው የማን ሐቅ ነው? ያረጀች እናት፣ ጡት ያልጣለ ልጅ፣ ወጣት ሚስት ካለችህ ፈቃዳቸውን ጠይቀሃል? ስንት ዓመት እንደሆነስ ነግረሃቸዋል?

6. የምመለሰው መቼ ነው? ምን ሲሟላ? ይህን ያልወሰነ ሰው ሁለት ዓመቱ አሥር ይሆናል።

ትምህርት የሚፈልግ ደግሞ ሌላ በር አለው። የመዲና ኢስላማዊ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1961 ከተቋቋመ ጀምሮ ከብዙ ሀገራት ተማሪዎችን ያለ ክፍያ ተቀብሎ ያስተምራል። ውድድሩ ከባድ ነው፤ ግን ወረቀቱ ንጹሕ ነው፣ ማንም ደላላ አያስፈልገውም።

ለቀረነውም አንድ ቃል

ጥያቄው የተጓዦች ብቻ አይደለም። ልጁ በየመን ሲታገት ሰፈሩ በአንድ ሌሊት የማስለቀቂያ ገንዘብ ያዋጣል፤ በሬም ይሸጣል፣ መሬትም ይከራያል። ያው ልጅ ከመሄዱ በፊት ለአነስተኛ ሥራ መነሻ ቢጠይቅ ግን ያንን ገንዘብ ማን ይሰጠው ነበር? ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች በሀገራችን ተከፍተዋል፣ በየመስጂዱ ጀመዓ አለ፣ በየከተማው ባለሀብት ሙስሊም አለ። ሦስት ወጣት በሙሻረካ አደራጅቶ ዎርክሾፕ ማስከፈት ከአንድ ቤዛ አይበልጥም።

ውጭ ላላችሁ ወንድሞችና እህቶች፦ የሰው መኪና ተደግፋችሁ የተነሳችሁት ፎቶ እዚህ አንድ ታናሽ ወንድም ጀልባ ላይ ሊያሳፍር ይችላል። እውነቱን መናገር አማና ነው። "ከባድ ነው፣ እንዲህ አድርጋችሁ ኑ፣ እንዲህ አትምጡ" በሉ።

ተመላሽ ለሚቀበል ሁሉ ደግሞ፦ አንዲት እህት ከአምስት ዓመት በኋላ ስትመለስ ሰፈሩ መጀመሪያ የሚጠይቃት "ምን ይዘሽ መጣሽ?" ነው። ባዶ እጇን ከሆነ ታፍራለች፤ ስለምታፍርም የደረሰባትን ትደብቃለች፤ ስለምትደብቅም የጎረቤቷ ልጅ ያንኑ መንገድ ትሄዳለች። ይህን ሰንሰለት መበጠስ ገንዘብ አይጠይቅም። "እንኳን በሰላም ለሀገርሽ በቃሽ" ብለን፣ ቡና አፍልተን ማዳመጥ ነው። ነጃሺ ስደተኞቹን አስጠርቶ እንደሰማ፣ እኛም የራሳችንን ተመላሾች ቃል እንስማ።

አላህ (ሱ.ወ) ለሄዱት ሐላል ሪዝቅና ሰላም፣ ለታሰሩት ፈረጅ፣ በባህር ለቀሩት ራሕመት፣ ለቀረነው ደግሞ በሀገራችን በረካ ይስጠን። የሚሄደውንም የሚቀረውንም ኒያውን ያስተካክልለት። አሚን።